አርማው ስለሸፈናቸው ሁለት እጆች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከአራተኛ ፎቅ፣ ከመጨረሻው በር፣ እጅ ነስቼ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎን ደህና ያድርግልዎ፤ የጆሮን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ በዚሁ ሕንፃ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ኮሚቴውን መምራት ከጀመሩ ወዲህ የሱሪዎን ወገብ ሁለት ጊዜ ያሰፋሁልዎ ነኝና እንደማይረሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ከደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ፣ ከእርስዎ ማሳሰቢያ ጎን መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው።

ማሳሰቢያዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኮሚቴው ከአንድ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት ጋር ስለተዋዋለ ነዋሪው በሙሉ ከጋራው ዲሽ ገመድ እንዲያስቀጥል፣ ከዚያ ውጪ ያለ "ማናቸውም አማራጭ" የሕንፃውን ውበት ስለሚያበላሽ እስከ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት እንዲነሳ፣ ያልተነሳውን ደግሞ ጥበቃው በፒንሳ እንዲቆርጠው ያዛል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከሥራ ባልደረቦቿ በፍላሽ የምታመጣውን ፊልም፣ የተማሪዎቹን የስልክ ቪዲዮ፣ የጡረተኛውን ሹፌር ሬዲዮ ከውጭ ማንም አያይምና ፒንሳው እነሱን አይመለከትም። ማናቸውም የተባለው የእኛው አንድ አንቴና መሆኑን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ከፍዬ፣ እንደ ደንቡ፣ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበት። አንቴናው በበረንዳችን ብረት ላይ የታሰረ፣ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮና ከመዳብ ሽቦ የተሠራ፣ ቁመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ነገር ነው። የሠራው ባለቤቴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ሰው እንደመሆኑ ጠርዙን እንኳ እጅ እንዳይቆርጥ አጥፎታል። የዚህን ሕንፃ አሸንዳ ከላይ እስከ ታች የሠራውም እሱው ነው። አሸንዳው ውኃውን ጸጥ ብሎ ስለሚያወርድልዎ ውበቱን አስተውለውት አያውቁ ይሆናል። የጋራው ዲሽ ግን፣ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ሥዕሉ እየተሰባበረም ቢሆን፣ ከሩቅ ሲታይ በእውነት ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለቤቴ ጆሮ። መዶሻው ጥቂት በጥቂት ሲቀንስበት ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጨርሶ ወሰደበት። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። ብጮህለት ድምፄ አይደርሰውም፣ ፊቴ ግን የተቆጣ ይመስለውና ይከፋዋል። ብጽፍለትም ፊደል የቆጠረው ካረጀ በኋላ ስለሆነ አንድ መስመር እስኪጨርስ ምሳው ይቀዘቅዛል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሆኖ ብቻን መኖር ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ለማስረዳት አልሞክርም፤ በስብሰባ የማይፈታ ነገር ነው።

ይህ በሆነ በዓመቱ ከሰው ሰምቼ አንቴናውን እንዲሠራው አደረግሁና ያለ ክፍያ የሚታየውን ጣቢያ አገኘን። በቀትር ዜናው ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ ጥቁር ልብስ የለበሰች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለች። እኔ ዜናውን በጆሮዬ እሰማለሁ፣ እጆቿን በዓይኔ እከተላለሁ፣ አዛምጄ ለባለቤቴ አሳየዋለሁ፤ እሱም ይደግመዋል። በአቅራቢያችን ሌላ የሚያስተምረን የለም። ጉዱ እንግዲህ ምልክት የተማርነው ከዜና ብቻ መሆኑ ነው። ዳቦ፣ ካልሲ፣ ራስ ምታት የሚሉትን አናውቅም። ጨው ሲያንሰው "እጥረት" ይለኛል፤ ምሳ ሲዘገይ "አስቸኳይ ስብሰባ" ይጠራብኛል፤ ስናኮራርፍ እኔ "ድርድሩ ተቋርጧል" ብዬ ፊቴን አዞራለሁ፣ እሱ ደግሞ ሻይ ይዞ መጥቶ "ተኩስ አቁም" ይለኛል። ሰው ቢስቅብን አንቀየምም፤ እኛም እንስቃለን። ባለቤቴ ከዓመት ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የሳቀው፣ የጠፋ መነጽሩን እየፈለግሁ "የነፍስ አድን ሥራው ቀጥሏል" ስለው ነው። ባሌን መልሼ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ደግሜ እንዳላጣው እፈራለሁ።

ሦስተኛ፣ እምቢተኛ ተብዬ እንዳልመዘገብ የጋራውን ዲሽ ሞክሬዋለሁ። ከነርሷ ቤት ገብተን አየነው። ጣቢያው እንደ አሸዋ ነው፣ ያው የእኛ ጣቢያም አለበት፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ብቻ ድርጅቱ ከታች በቀኝ ጥግ ትልቅ አርማውን ለጥፎበታል። አርማው የተቀመጠው ልክ በአስተርጓሚዋ እጆች ላይ ነው። ራሷ ብቻ ከአጥር ጀርባ እንደሚያይ ሰው ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ ጥቂት አይቶ ወደ እኔ ዞረና "ግንኙነት ተቋርጧል" አለኝ። ወደ ድርጅቱ ስደውል አንዲት በጣም ትሁት ሠራተኛ አርማው እንደማይነሳ፣ ነገር ግን ካልተመቸኝ ከመቶ በላይ ሌሎች ጣቢያዎች እንዳሉኝ አስረዳችኝ። ማናቸውም አማራጭ ያለው ለካ እዚያ ኖሯል።

አራተኛ፣ ስለ ሐሙስ። ቀኑ ሳይደርስ ጥበቃውን ከነፒንሳው ልከውልኛል፤ ጥድፊያዎ ለአሳንሰሩም ቢተርፍ ምንኛ ደስ ባለን። ከፈትኩለት፣ ደፉ ላይ ቆምኩበት። መቀሴ እንደ ልማዴ በአንገቴ ተንጠልጥሏል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እርስዎ ምንም አላዋሱኝም፣ መቀሱ የራሴ ነው። ጥበቃው መልካም ሰው ነውና እግሩን እያየ "ታዝዤ ነው፣ እትዬ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ" ብሎኝ ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ከኋላዬ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የሴትዮዋን እጆች እየተከተለ ነበር። ምንም አልሰማም።

ልነግረው ሞከርኩ። "ማፍረስ" አልኩት፣ "ቅዳሜ" አልኩት። ፊቱ በሐዘኔታ ተሞላና "የት አገር?" ብሎ ጠየቀኝ። በረንዳ የሚለው ምልክት በዜና ተላልፎ አያውቅም፤ አንቴናውን ለማሳየት ደግሞ እጄ አልነሳ አለኝ። እስካሁን አላወቀም። ከሐሙስ ጀምሮ እንጀራዬን የማገኝበትን መርፌ እንኳ በትክክል መያዝ አቅቶኛል፤ ዛሬ ጠዋት የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኛ ያለችን ዓይን ያቺው አንዲት ጥግ ናት።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። አንቴናው ባለበት ይቆይ። ቀለሙ ዓይንዎን ከቆረቆረው ባለቤቴ በራሱ እጅ ግድግዳውን አስመስሎ ይቀባዋል። ይህንንም ካልፈቀዱ፣ ቅዳሜ ከተቆረጠ በኋላ መጥተው ምን እንደሆነ ለባለቤቴ ራስዎ ይንገሩት፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነግሩት ግን አስቀድመው ያስቡበት። እስከዚያው ድረስ ለሕንፃችን ገጽታ ስላጡት እንቅልፍ፣ ጥበቃችንን ከበር አንስተው የበረንዳ ጠላት ስላደረጉልን፣ እንዲሁም ከዜናው ሰዓት ጋር የሚገጥመውን ስድስት ሰዓትን ስለመረጡልን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

በየቀኑ እየጠበበ ባለ ትዕግሥት፣ ግን በሙሉ አክብሮት፣
ወገብዎን የምታሰፋው፣ የአራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት እናትዎ እንዳኮረፉዎት፣ እሁድ እሁድ ለአፍታ ብቅ ብለው ቢያንኳኩ እንደማይከፍቱልዎ በምሬት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኛ አምስት ወር ያወቅነው ለእርስዎ አልደረሰም። እማማ አላኮረፉም፣ አይሰሙም። የቀሚሳቸውን ጫፍ ላሳጥርላቸው መጥተው ቴሌቪዥኑን ያዩ ቀን ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቀትር ቀርተው አያውቁም፣ ምልክቱንም ከእኔ ፈጥነው ይይዛሉ። ልጄ ሥራ ይበዛበታል፣ አታስቸግሩት እያሉ ዝም አሰኝተውን ነበር። የእርስዎን ማሳሰቢያ ያነበቡ ዕለት ግን ጻፊለት ብለው ፈቀዱልኝ። ስለ እርስዎ ምን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃቸው፣ እኛ ባለን ቃል፣ በሁለት እጃቸው "ለአጭር የሥራ ጉብኝት መጥቶ ተመለሰ" አሉኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ፒንሳውን አስይዘው ሲመጡ በራችንን በማንኳኳት አይድከሙ። ከውስጥ ከምንገኘው ከሦስታችን የሚሰማ ጆሮ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ እኔም እንደ እናትዎ ነኝ።