ዘይት የተቀባው ቁልፍ

ወዳጄ፣ የዚህ በረሃ ተራራ እንደ ሰፈራችን ኮረብታ ሣር የለበሰ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች የዛገ ብረት ይመስላል። የድሮውን የመዳብ ማውጫ ያስጎበኙኝ ሽማግሌ ዘበኛ «ከተዘጋ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ማንም አይገባም» አሉኝ። የበሩ ቁልፍ ግን ዘይት ተቀብቷል፤ በዚህ ደረቅ አገር የሳቸው ጫማ እርጥብ ጭቃ ይዟል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ብዬ «አባባ፣ ጭቃው ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ዋሻው ሲደረመስ ወንድሜ ውስጥ ቀረ፤ ሳያወጡት ዘጉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እቆፍራለሁ» አሉ።

መዳቡን በድብቅ እያወጡ እየሸጡ ይሁን ወይስ እውነታቸውን ይሁን፣ እስካሁን አልለየልኝም። ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁት የማውጫው ተቆጣጣሪ «ሰውዬው ወደ ውስጥ ይገባሉ እንዴ?» ሲለኝ ግን «እኔ እንጃ» አልኩት።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ፣ አንተም ከወንድምህ ጋር ታረቅ።