ማርሚታህን አስፈትቼው ነበር

ውዴ ደረጀ፣

ከተለየኸን ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት ገባ። አልጋው አሁንም ይሰፋኛል። ምሳ ስሠራ እስከ ዛሬ ያንተን ድርሻ እጨምርና፣ እናትህ እማማና እኔ የተረፈውን ለማታ እናስቀምጠዋለን። ናፍቀኸኛል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ትስቅብኛለህ እንጂ መኪና መንዳት ተምሬአለሁ። መሪ ከያዝሽ ጭሮ ከተማ ውስጥ ሰው አይተርፍም እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። ዛሬ በትንሿ ቀይ መኪናችን ከሂርና ሽንኩርትና ድንች እያመጣሁ እሸጣለሁ፤ እስካሁን ሰው ሁሉ ደህና ነው።

የበደሳ መንገድ ድንጋይ የጭስ ማውጫዋን ገንጥሎ የጣለው ጊዜ ትዝ ይልሃል? ልኳ የሚሆን ማርሚታ ከከተማው ሲጠፋ አንተ ምንም አልመሰለህም። ቱቦ ፈልገህ፣ ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ደረቅ አሸዋ ጠቀጠቅህበትና በእሳት እያጋልክ በመኪናዋ ሆድ ልክ አጠፍከው። አሸዋውን በወንፊት የነፋሁልህ እኔ ነበርኩ። ጠጠር ቀርቶበታል ብለህ እንደገና ስታስነፋኝ ተናድጄ ወንፊቱን ወረወርኩብህ። የድምፅ ማፈኛውን ከላሜራ ጠቅልለህ ውስጡን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሞላኸው። ሽቦውን ከየሱቁ ስለቅም አንዱ ባለሱቅ ሆቴል ልትከፍቺ ነው ወይ ብሎኛል። በይደህ ጨርሰህ ሞተሩን ስታስነሳው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጉረመረመ። ድምፁ አላማረኝም ስልህ፣ መምጣቴን ታውቂበታለሽ አልከኝ።

እናትህም አወቁበት። አንተ ካለፍክ በኋላም ከሂርና ተመልሼ የሰፈራችንን ዳገት ስጀምር፣ እማማ ድምፁን ሰምተው በምርኩዛቸው እየተደገፉ በሩን ይከፍታሉ። "ኢልሚ ኮ ዱፌ!" ይላሉ፤ ልጄ መጣ ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔ እወርዳለሁ። እሳቸው ዞረው ወደ ቤት ይገባሉ። በየምሽቱ እንዲህ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ አእምሯቸውም አብሮ የደከመ መሰለኝ፤ ጎረቤትም እኚህን እናት አታሰቃዪአቸው አለኝ።

ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ አብሮህ ይሠራ ወደነበረው ወደ ሙክታር ሄጄ፣ ማርሚታውን ፍታና ድምፅ የሌለው ግጠምልኝ አልኩት። "ወላሂ እጄ እምቢ ይለኛል" አለኝ። ለምኜ አስፈታሁት። ያንተን ሥራ አልጣለውም፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በዚያ ምሽት ዳገቱን በዝምታ ወጣሁ። በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ከእንግዲህ እማማ አይታለሉም ብዬ እፎይ አልኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ግቢ መውጣት ተዉ። ምግብ ሳቀርብ ቆንጥረው ይገፉታል። በመጨረሻ አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ "የልጄን ድምፅ የት አደረስሽው?" አሉኝ። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ መጣ እያሉ እንዳይጠብቁት ብዬ ነው አልኳቸው።

"አፈር ሲለብስ ቆሜ አላየሁም እንዴ? መሞቱን አንቺ ልትነግሪኝ ነው?" አሉኝ። "በሩን የምከፍተው የእጁ ሥራ ሲመጣ ነው። እሱን እንኳ ልቀበል።"

ደረጀ፣ ሁለታችንም አለቀስን። በቀብርህ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስንም። የኔ ብቻ መስሎኝ የነበረው ሐዘን የእሳቸውም መሆኑን፣ እሳቸው በሩን ሲከፍቱ የኔም ውስጥ አብሮ ይከፈት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ሙክታር ገና ሲያየኝ ምንም ሳይጠይቀኝ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ያንተን ቱቦ ከግድግዳው አውርዶ አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ማታ ዳገቱን እያጉረመረምን ስንወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። "ኢልሚ ኮ ዱፌ!" አሉ። በዚህ ጊዜ እኔም፣ አዎ መጣ አልኳቸው። እጄን ያዙኝና አብረን ገባን።

ሙክታር መጋጠሚያው ላይ ዝገት እንደጀመረው አሳይቶኛል። አትስጋ። ዝገቱ ሲጨርሰው በዚያው ባንተ ቱቦ ልክ አዲስ ያጥፍልኛል፤ ድምፁም ያው እንዲሆን ቃል ገብቶልኛል። እኔም ቃሌ ይኸው፦ እማማ ቢያልፉ እንኳ ይህ ድምፅ ከዚህ ዳገት አይጠፋም፣ በሩንም እከፍትልሃለሁ። አሸዋውን ከአሁኑ ነፍቼ በጆንያ አስቀምጫለሁ። ሁለቴ ነው የነፋሁት።

ባለቤትህ