የአቶ ይሄነው አባተ የሕይወት ታሪክ እና ሣጥናቸው ላይ ያለው ቀይ ሻርፕ

ወዳጆቼ፣ ሣጥኑ ላይ ቀይ ሻርፕ አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያላችሁ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱንና ስሙ።

አቶ ይሄነው ከአባታቸው ከአቶ አባተ ካሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ በዛች በጥቅምት 1955 ዓ.ም. መካነ ሰላም አጠገብ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው ደሴ ወረዱ፤ ጋራዥ ገብተውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለመዱ። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ይርገዱ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሰብሌንና ምህረትን ወለዱ። አገራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። መኪና አልነሳ ያለው ሁሉ አዲስ ባትሪ ሊገዛ ሲሮጥ፣ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የሚሞላው መኖሩን እንይ» ይሉት ነበር።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የጠልሐ ሚስት መርዋ ምጥ ጠናባት። ደሴ ካልደረሰች እሷም ልጇም አይተርፉም ተባለ። የተገኘችው የጠልሐ አሮጌ ናፍጣ መኪና ናት። አቶ ይሄነው መንገዱን ፈርተውላቸው ከመርዋና ከእናቷ ጋር አብረው ገቡ።

አቀስታን አልፈው ጉጉፍቱ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጉሙ ግን መንገዱንና ገደሉን አንድ አድርጎታል። ጠልሐ መብራቱንና የመስታወት መጥረጊያውን ቢያበራ መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ መጥረጊያው ተጎትቶ ቆመ፤ ሞተሩም አንዴ ተንገጫገጨ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ባትሪውን ከገዛሁት ሳምንቱ ነው!»

«እንዳታጠፋት ብቻ! ከጠፋች አትነሳም» ብለው ወረዱና ኮፈኑን ከፈቱ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አዩት፤ ሳይላላ ይዞራል። ዲናሞውን በመፍቻ ኳ ኳ ሲያደርጉት፣ ከመሪው ፊት በርታ የነበረችው ቀይ የባትሪ ምልክት ጠፍታ ወዲያው ተመልሳ መብራቷን ጠልሐ ነገራቸው። ያኔ ገባቸው። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው የዲናሞው ካርቦን ተበልቶ አልቋል፤ ባትሪው ያለውን ይሰጣል እንጂ የሚሞላው የለም። መለዋወጫው ደሴ ነው። የቀረችው ኤሌክትሪክ የሞተሩን የናፍጣ መግቢያ ክፍት አድርጋ ለመያዝ ብትበቃ ነው።

«መብራቱንም መጥረጊያውንም አጥፋ» አሉት።

«በምን ልይ ጋሼ? ገደል ልክተታችሁ?»

«እኔን እያየህ ና።»

ነጭ ጋቢያቸው ጉም ውስጥ አይታይምና ለመርዋ አለበሷት። ቀይ ሻርፗን ተቀብለው ጀርባቸው ላይ አሰሩ፤ የመንገዱን ጠርዝ በእግራቸው እየዳበሱ ከመኪናዋ ፊት ፊት ሄዱ። ጠልሐ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተከተላቸው። መርዋ ታቃስታለች። እናቷ ዱዓ ስታደርግ እሳቸው ከፊት «አሚን! አብሽሪ እህቴ!» ይላሉ። ሞተሩ ባቅማማ ቁጥር ጠልሐ ነዳጁን ረገጥ ያደርጋል።

ጉሙ የገለጠው ወደ ደሴ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እሳቸውም ያኔ ተመልሰው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ ሳትጠፋ ደሴ ገባች። ልጅቷ ፈውዚያ በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ እናቷም ተረፈች።

አቶ ይሄነው ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን።

ሻርፑን ለልቅሶ ስትመጣ ይዛ የመጣችው መርዋ ናት። ሣጥኑን ያለበሰችው ያቺው ፈውዚያ ናት። ሣጥኑን የምትሸከሙ የቅሬያችን፣ የእድራችን ሰዎች፣ አደራችሁን፣ መቃብሩ እስኪደርሱ ድረስ አታንሱባቸው።