የብርሃን መሄጃና መመለሻ

ሰኞ
አላወጣም። አማካሪዬ ዶክተር ግርማ የማስተርስ ጽሑፌን ዛሬ መለሱልኝ። ምዕራፍ ሦስት ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል። «ይሄ ፍልስፍና ነው፤ ፊዚክስ አይደለም። ፈታኞች ፊት የምትቀርቢበት ዲፌንስ ዓርብ ነው፤ አውጪው» አሉኝ። እሱ ከወጣ ምን ይቀራል? አሥራ ስምንት ዓመት ጉለሌ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ብርሃን ሲሄድም ሲመለስም ፍጥነቱ እኩል መሆኑ ተለክቷል እል ነበር። የተለካው ደርሶ መልሱ ነው። መሄጃው ብቻውን ተለክቶ አያውቅም።

ማክሰኞ
ሽሮ ሜዳ፣ እህቴ አሰለፈች ሱቅ። ነጠላ እያጠፈች «እስቲ እኔም ይግባኝ» አለች።
አንቺ እዚህ፣ እኔ እንጦጦ ማርያም ነን እንበል አልኳት። ባትሪ ታበሪያለሽ፤ እኔ ብርሃኑን በመስታወት እመልስልሻለሁ። ደርሶ መልሱን በራስሽ ሰዓት ትለኪያለሽ። መሄጃውን ብቻ ለመለካት ግን ሰዓቴ ከሰዓትሽ ጋር መስተካከል አለበት። በብርሃን ካስተካከልነው፣ መሄጃና መመለሻው እኩል ነው ብለን አስቀድመን ተስማምተናል ማለት ነው።
«ሰዓቴን ይዤልሽ ብወጣስ?»
ጉዞው ራሱ የሰዓቱን አቆጣጠር በጥቂቱ ያዘገያል። ምን ያህል እንዳዘገየ ለማወቅ ያው ስምምነት ያስፈልጋል።
ያጠፈችውን ነጠላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ ማነው የተሳሳተው?»
ማንም። የደርሶ መልሱን ጊዜ ለሁለት እኩል የከፈልነው ስለሚቀለን ነው፤ ተፈጥሮ አላስገደደችንም።

ረቡዕ
ጳውሎስ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አራት ቅጂ አስጠረዝኩ። ምዕራፍ ሦስት በቦታው። ዶክተሩ ደወሉ፤ «ብትወድቂ እኔ የለሁበትም።» «እሺ ዶክተር» አልኩ። ቅጂዎቹን ቆጥሬ እንደገና ቆጠርኩ። ፍርሃት ይሁን ንዴት እንጃ።

ዓርብ
ፈታኙ ፈገግ ብለው ጠየቁኝ፤ «የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ዓይነት ነገር አይደል? እኛ ሁለት ስንል እነሱ ስምንት ይላሉ።»
«አይደለም» አልኩ። «እዚያ ቅጽበቷ አንድ ናት፤ ስሟ ነው የሚለያየው። እዚህ ግን ተራርቀው የሆኑ ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት ሆኑ መባሉ ራሱ ስምምነት ነው።»
«ስለዚህ ሁሉም እንደፈለግን ነው?»
«አይደለም። ደርሶ መልሱ አይለወጥም። ምክንያት ከውጤቱ መቅደሙም አይለወጥም። የሚለወጠውንና የማይለወጠውን የለየሁት ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው።»
ዶክተር ግርማ ጣሪያ ያያሉ።
ኮሪደር ላይ አርባ ደቂቃ አስጠበቁኝ።
አለፍኩ። እርማት ግን አለው፤ መሄጃውን ለካን በተባለባቸው ሙከራዎች ውስጥ ስምምነቱ የት እንደተደበቀ እንዳሳይ ጠየቁኝ።
ዶክተር ግርማ ደረጃው ላይ ጠብቀው «ያንን የፈታኙን ጥያቄ እኔ ብሆን መመለስ አልችልም ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ማክሰኞ ነይ፣ እርማቱን አብረን እንየው።» እሄዳለሁ። ይስማሙልኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።