የአዲሱ ታንክ ትንፋሽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከሐይቁ ዳር

ይድረስ ለልጄ አባት፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከሄድክ ወዲህ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው። እንደተኳረፍን አልረሳሁም፤ የእኔም ኩርፊያ ገና አልወጣልኝም። ግን ያየሁትን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ለሌላው ባወራው ግማሹ አይገባውም፣ ግማሹ አያምነኝም።

ልጃችን ደኅና ናት። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ ምላሷ ግን ያው ያንተው ነው። ጀልባዋን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። «ሴት ሞተር ታስነሳለች እንዴ?» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ተጋፍተው ይሳፈራሉ።

ለሞተሩ ቤንዚን የምንይዝበት ያ የዘይት የነበረው ጄሪካናችን ፀሐይ በልታው ነጥቶ ነበር፤ አንድ ቀን በጣቴ ብጫነው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ረጅም፣ ስስና የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣልኝ።

«ለቤንዚን የተሠራ ነው ወይስ ለውኃ?» አልኩት።

«ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው እኮ፣ እትዬ!»

«ወንድ ሁሉ ያው ወንድ ነው፤ ሁሉም ግን ባል አይሆንም።»

ሳቀና ከጓዳ ሌላ አመጣልኝ፦ ወፍራም፣ አጭርና ሰፊ፣ ማዕበል የማይገለብጠው። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ብሎን አለው፤ ሞተር ሲሠራ ይላላል፣ ሥራ ሲያበቃ ይጠብቃል። ወለሉ ላይ በቀበቶ አሰርኩት፤ ከፀሐይም በሸራ ሸፈንኩት። የምሞላው መሬት አውርጄ ነው፤ ሙቀት ሲያሳብጠው እንዳይፈስም እስከ አፉ አልሞላውም። ቱቦውን እያጎበጥኩ ስንጥቅ እፈልጋለሁ፤ ከሥሩ የተጠራቀመ ውኃ ካለም እደፋለሁ። ሳቅብኝ እንግዲህ፤ እንዳንተው ጨቅጫቃ ሆኛለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ምጥ ይዟት ልጁ አልወርድ ብሏል፤ አዋላጇ ማዶ ካለው ሆስፒታል ትድረስ ብላለች። ባልና ሚስቱን ከነአዋላጇ አሳፍሬ ተነሳሁ። ነፋሱ ክፉ ነበር። መሀል ስንደርስ የቤንዚኑ ሽታ ምጥ ላይ ያለችውን ያስመልሳት ጀመር። ባልየው፣ አንጀቱ አልችል ብሎ፣ ሽታው የሚወጣበትን ብሎን ፈልጎ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። እኔ ፊት ፊቱን ስለማይ አላየሁትም።

ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ አንድ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጸጥ። ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት፣ ወይ ፍንክች! ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋናል። ቱቦው ላይ ያለውን፣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የጎማ ኳስ ልጫን ብል ተጣብቆ ቀርቷል። ሸራውን ገለጥኩ። ያ ወፍራም ታንክ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል!

ብሎኑን አላላሁት። እመነኝ፣ ታንኩ ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበና ጎኑ ዷ ብሎ ተመለሰ። ሙሉ ቤንዚን ይዞ፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ፣ የጎደለን አየር ብቻ! ሰማይ ሙሉ አየር ከላያችን እያለ! ኳሱን ተጫንኩ፣ ጠነከረ። ገመዱን ሳብኩ፣ ሞተሩ ጮኸ። ድንጋዩ በመቅዘፊያ ይነካ ነበር።

ባልየው «ሽታው እንዳይረብሻት ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ምን አደረግሁ?» አለ። «ምንም። ታንክም እንደ ሰው ነው፤ ካልተነፈሰ አይሰጥም» አልኩት።

ወዲያው አዋላጇ «እንዳታቆሚ! ንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዞር አላልኩም። የእናትየውን ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም። ያ ዝምታ፣ አንተ ሰው፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንዲት ቀጭን ለቅሶ። ሐይቁ፣ ነፋሱ፣ ሁሉም ያዳመጣት መሰለኝ። ሴት ናት።

ሆስፒታል ደርሰን አሳቀፉኝ። ሆዷ መዳፍ አይሞላም፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ማንም ሳያስተምራት። «በቃ ስጪን እንጂ» እስኪሉኝ ድረስ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይገርመኛል። ልጃችን ተኝታ ሳያት እንኳ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ትባንንና «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። ብርድ ልብሷን እደርብላታለሁ።

እናትና ልጅ ደኅና ናቸው። ልብስ ሰፊው ለጀልባዋ አዲስ ሸራ ሰፍቶልናል፤ ስፌቱ ግን ትንሽ ጠማማ ነው፣ አልነገርኩትም።

ና ማለቴ አይደለም። ሥራህን ሥራ። ከክፉ ይሰውርህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ደግ ሰው ያጋጥምህ።

የጀልባዋ የማታ የመጨረሻ ጉዞ እንደ ድሮው ማዶ አውቶቡሱ ከገባ በኋላ ነው። ተሳፋሪዎቼ ይነጫነጫሉ እንጂ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የቀረ ሰው አለመኖሩን ሳላይ ሞተር አላስነሳም።

የልጅህ እናት