አባቴን በመስመር ላይ ለገደሉት የስልክ ጥሪ ኃላፊ

የተከበሩ የሆስፒታሉ የስልክ ጥሪ ሥርዓት ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በፍጹም ጤና እንድትሰነብቱ፣ ጆሮዎም አዲስ ካስገቡት መሣሪያ ይልቅ የሚሰማ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴን ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ለሆስፒታልዎ አደራ የሰጠሁ ሴት። ክቡር ጊዜዎን ላለማባከን አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከቀትር በኋላ ከልብስ መስፊያ ቤቴ ደወልኩ፤ ነርሷም አነሳች። ኋላ እንደነገረችኝ ያለችው «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፤ አባትዎ አሁን ትንሽ አርፈዋል፤ ሲመሽ መጥተው ይዩዋቸው» ነበር። መስመርዎ ግን ወሬ ማርዘም ስለማይወድ «አባትዎ… አርፈዋል… መጥተው…» ብሎ አሳጥሮ አደረሰልኝ።

፪. መሣሪያዎ ሰነፍ ነው አልልም። ባለሙያዎ እንዳስረዱኝ፣ የድምፁን መበላሸት ወዲያው አውቆ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ማስጠንቀቂያውን የነገረው ግን ለእኔም ለነርሷም ሳይሆን ለራሱ ነው። ከዚያም ጥሪዬን በግቢው ውስጥ ጥራቱ ወደተመሰከረለት መስመር አዛወረው፤ እርሱም የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። «አባቴ ሞተ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ አጣቢው «እህቴ፣ እኔ ጋ የሚመጣው አንሶላ ብቻ ነው። ለማንኛውም እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችም፤ ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ።

፫. አክስቴ መርዶውን ስትሰማ ከደረጃ ወድቃ እጇ ተሰበረ። አሁን ከአባቴ በላይ ባለው ፎቅ ተኝታለች። ደንበኛ ማፍራት ማለት ይህ ነው።

፬. ታላቅ ወንድሜ በጋብቻው ምክንያት ከአባታችን ጋር ተኳርፎ ደጃፉን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። አስከሬን ልንቀበል አብረን ስንመጣ፣ መንገዱን ሙሉ «ይቅር በለኝ ሳልለው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔም እጁን ይዤው ነበር። የተኛበት ክፍል ስንገባ አባቴ ትራሱ አልመች ብሎት ከነርሷ ጋር ይሟገታል። ወንድሜ እግሩ ላይ ተደፋ። አባቴ እርሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀጥሎም ነርሷን «ልጄ፣ ሐኪሞቹ የደበቁኝ ነገር አለ እንዴ?» ሲል ጠየቃት። የወንድሜን እጅ ግን እንቅልፍ እስኪወስደው አልለቀቀም።

ሽማግሌ ተልኮ ያልሆነውን እርቅ መስመርዎ ተቆራርጦ ስለፈጸመልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ይህን ውለታ ለሌላ ቤተሰብ እንዳይደግሙት እለምናለሁ፤ ከደረጃ የሚወድቅ ሁሉ በእጁ ብቻ አይተርፍም። ድምፅ ሲበላሽ መሣሪያው ለብቻው ከሚያንሾካሹክ ለነርሷ ይንገራት፤ እርሷ መልሳ መደወል ታውቃለች።

ጥሪዬ ለተቋምዎ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ በሙዚቃ ታጅቦ ደጋግሞ የተነገረኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳ፣

የባለ ሐሞት ጠጠሩ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሁሉ በቃል ላስረዳዎ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ እንዳጫወተችኝ የእርስዎ ክፍል ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አልተገናኘም፤ የድሮውን ቀጥታ መስመር ለራስዎ አስቀርተውታል። አልፈርድብዎትም፤ ልጆች ያሉት ሰው መጠንቀቅ አለበት።