ነጥብ ላላስቆጠረው ባለቤቴ

ሪስዬ፣

ከሄድክ ዓመት ከሳምንት ሞላህ። እኛ ደህና ነን። የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጭቃህን መዋጥ ስላቆመ፣ የታችኛዋ ጎረቤታችን በሩ ላይ የቁጣ ወረቀት መለጠፏን ትታ ሰላም ትለኛለች። ሰላምታዋን አልወደድኩትም፤ ወረቀቶቹ ይሻሉኝ ነበር። ልጅህ ሳራ ዛሬም በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ትመልሳለች። ስትናደድ ብቻ በዌልስኛ ትሳደባለች፤ ያወረስካት ይኼን ነው።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። በቀብርህ ቀን የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታደሰ የሕይወት ታሪክህን ሲያነቡ ሰምተህ ከሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሳትስቅ አልቀረህም። የእድራችን ሟቾች፣ እንደምታውቀው፣ በቁማቸው ማንም ያላወቀባቸው ቅዱሳን ናቸው። ያንተም ተራ ደረሰ። ለዌልስ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን በተሰለፍክበት ጨዋታ ሁሉ ነጥብ ያስቆጠርክ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ስምህን የሚዘምር ጀግና ሆነህ ተቀበርክ። የቀብርህ ቀን ባይሆን እዚያው እቃወም ነበር።

አንተ እኮ ለሀገርህ በተጫወትክበት ዘመን ሁሉ አንዲት ነጥብ ሳታስቆጥር፣ ፊት መስመር ላይ አንገትህን ቀብረህ ስትገፋ የኖርክ ሰው ነህ። ስቶክሆልም ልታሠለጥን መጥተህ፣ ትከሻህ ወልቆ፣ ከተማው ጥግ ሶልና ውስጥ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል የገባህ ዕለት ሥራህን ጠየቅኩህ። ስምንት ሰው ተቆላልፎ ከሌላ ስምንት ጋር እንደሚገፋፋ፣ ኳሷ ከኋላ ስትወጣ ቁምጣው ያልቆሸሸ አንድ ቀጭን ልጅ ይዟት እንደሚሮጥና እንደሚጨበጨብለት አስረዳኸኝ። አንተስ ስልህ፣ እኔማ ገና ክምሩ ሥር ነኝ አልከኝ፤ ቅሬታ የሚባል ሳይኖርህ። የወደድኩህ ያኔ ነው። በትከሻህ አይደለም።

ለሙት ዓመትህ ጋሽ ታደሰ ያችኑ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ይዘው መጡ። እንዲያስተካክሏት ሁለት ጊዜ ደውዬላቸው ነበር። ልጅቷ አባትሽ ምንም አላስቆጠረም ስትባል ትፈር ወይ አሉኝ። እኔ ግን የማላውቀውን ሰው ሁለተኛ አልቀብርም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ካነበቧት ከእጃቸው ልነጥቃት።

ከቅዳሴ ስንወጣ የዝክርህ ድስቶች የተጫኑባት የቄሳችን መኪና፣ እሳቸው መሪውን እንደያዙ በረዶ ውስጥ ተቀርቅራለች። ሰባት ሽማግሌዎች ከበዋት እያንዳንዱ በየፊናው ይገፋል፣ እያንዳንዱ ያዛል። ንቅንቅ አላለችም። ነጠላዬን ለሳራ ሰጥቼ መሐላቸው ገባሁ። ፍሪጃችንን ስናንቀሳቅስ እንዳሳየኸኝ ሦስት ከፊት፣ ሌሎቹን ከኋላ አድርጌ ክንድ ለክንድ አቆላለፍኳቸው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ጀርባዎን ቀጥ፣ አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ። ወሬ የለም።»

እሳቸውም እንደታዘዙት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይኼ ራሱ ታሪክ ነው። ገፋን። መኪናዋ ተፈናጥራ ወጣች፤ ስምንታችን በግንባራችን በረዶው ላይ ተዘረጋን። ማዶ የቆሙት እንግዶች ለቄሳችን አጨበጨቡ፤ መንዳት ይችሉበታል እያሉ።

ጋሽ ታደሰ ጺማቸው በረዶ ለብሶ ቀና አሉ። ሰውየው ሲሠራ የኖረው ይኼን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጉልምስናውን በሙሉ፣ አልኳቸው።

አዳራሽ ስንገባ ወረቀቷን ከኪሳቸው አላወጧትም። ወገባቸውን ይዘው ተነሡና «ሪስ ነጥብ አላስቆጠረም። ገፋ» ብለው ተቀመጡ። እድራችን ይህን ያህል አጭር ንግግር ሰምቶ አያውቅም። ሐውልትህም ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው፤ ጠራቢው ስታዲየም እንጨምርበት ወይ ቢለኝ ከእሱም ጋር እገጥማለሁ።

ቃሌ ይኸውልህ። እሑድ እሑድ ከሳራ ጋር የድሮ ጨዋታዎችህን እናያለን። ሰው ሁሉ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ሲከተል እኛ አንከተለውም። ዓይናችን ክምሩ ላይ ነው። እንደ ልማድህ ካልሲው የወረደውን እግርህን ለይተን፣ እስክትነሣ እንጠብቅሃለን።

ያንተው አልማዝ